ከተርቦው ሥር ያለው ስንጥቅ

ሰኞ፣ ሰኔ 2

አሮጌው ደብተር ስላለቀ ዛሬ አዲሱን ከፈትኩ። ከጡረታ በኋላ የቀረኝ ሥራ አንድ ነው፦ ከልጄ ጋር የገዛነው የጭነት መኪና። እርሱ ይነዳል፣ እኔ እከታተላለሁ። የተሠራው፣ የተቀየረው፣ የተባለው ሁሉ እዚህ ይጻፋል። ተማሪዎቼን ሠላሳ አንድ ዓመት ያስጠበቅኳቸውን ደንብ ራሴም እጠብቃለሁ፦ ላጲስ የለም። የተሳሳተ ነገር በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ትክክሉ ከሥሩ ይጻፋል። ስሕተቱ ግን መነበብ አለበት።

የዛሬው ሥራ። ከተርቦው፣ ለሞተሩ አየር ከሚገፋው ዕቃ፣ የሚወጣውን ጭስ ወደ ማርሚታው፣ ወደ ድምፅ ማፈኛው፣ የሚያወርደው ቱቦ መካከሉ ላይ እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ ተጣጣፊ ክፍል አለው። እርሱ ተበሳ። አዲሱ ውድ ነው፤ ደግሞም ስስ ነገር ነው፣ ብዙ አይቆይም። በያጁን፣ ቆርጠህ አውጣውና በምትኩ ወፍራም ቀጥ ያለ ቱቦ በይድበት አልኩት። በያጁ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ከኋላ ወንበር ይቀመጥ የነበረ፣ ሰፈሩ ሁሉ "ብልጭታ" የሚለው።

"ጋሼ፣ ይሄ ነገር እኮ..." ብሎ ጀመረ። የሁለቱንም ውፍረት ለክቼ አሳየሁት። የአዲሱ ሦስት እጥፍ ነው። "እርስዎ ካሉ እሺ" አለ። ልጄም ከጎኔ ቆሞ "አባዬ፣ መተንፈሻ አሳጣነው" የምትል ነገር አጉረመረመ። ብረት አይተነፍስም። ይህችን ቃል ከልጅነቱ ጀምሮ ያላግባብ ይጠቀምባታል።

ቱቦውን ከሥር ይዞት የነበረው ደጋፊ ብረትም ዝጎ ስለነበር አወለቅነው። ወፍራም ቱቦ ራሱን ይችላል።

ሥራው ንጹሕ ነው። ረክቻለሁ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

የጋቢናው ወንበር አዲስ ልባስ ለበሰ። ደንቦቹን በንጹሕ ወረቀት ጽፌ ከመሪው በላይ ለጠፍኩለት። ስድስት ናቸው። 1ኛ፣ ዘይት በየጠዋቱ ይታይ። 2ኛ፣ ሞተር ከመጥፋቱ በፊት ሦስት ደቂቃ ይረፍ፤ ተርቦው በድንገት መቆም አይወድም። 3ኛ፣ መንገደኛ አይጫን። 4ኛ፣ ዝናብ ሲዘንብ መስኮት ይዘጋ፤ ልባሱ ውኃ አይችልም። የቀሩት ሁለቱ ስለ ጎማ ናቸው።

ልጄ አነበበና "ፈተናው መቼ ነው?" አለኝ። ምራቴ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ብላ ሳቀች። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ።

ሊሠሩ የሚገባቸው፣ ግን የማያስቸኩሉ፦ ከማርሹ ዘንግ ሥር ያለው ጎማ ተቀድዷል። በወለሉ በኩል አስፋልቱ ይታያል። ከክረምቱ በኋላ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

"ዳገት ላይ ጉልበት አጣ፤ ደግሞም ያፏጫል" ብሎ ልጄ መጣ። ከሥር ገባሁ። በእኔ ዕድሜ ከመኪና ሥር መግባቱ ቀላል ነው፤ መውጣቱ ነው አበሳው። ተርቦውን ከቱቦው ጋር የሚያገናኝ እንደ ክርን የታጠፈ ቁራጭ አለ፤ ቀልጦ ከተቀረጸ ብረት የተሠራ፣ በአራት ቡሎን የታሰረ። አንገቱ ላይ ሁለት ጣት የምታህል ስንጥቅ አገኘሁ። ዙሪያዋ በጥላሸት ጠቁሯል። ጭሱ በዚያ ነው የሚወጣው።

መለዋወጫ ሻጩ የአዲሱን ዋጋ ሲነግረኝ መኪናውን በሙሉ የሚሸጥልኝ መሰለኝ። አሮጌ ዕቃ ተራ ሄጄ ሁለት አየሁ። ሁለቱም የተሰነጠቁ። ስለዚህ የእኛው ይበየዳል።

ለምን ተሰነጠቀ? ዕድሜ ነው። ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ብልጭታ፣ ክርኑ ወልቆ፣ ግሎ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚበየደው አለኝ። ማውለቅ ቀን ይፈጃል። ሽንኩርት የምናመላልስላት ነጋዴ ጭነት ደግሞ ነገ ጠዋት ነው፤ ካልደረስንላት ለሌላ ትሰጠዋለች። እዚያው በታሰረበት በይደው አልኩት። በየደው።

ዕቃውን ሲሰበስብ ለራሱ የሚያወራ መስሎ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ሲል ሰማሁት። ተረት ማብዛት ሥራን አያሳምርም።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

ልጄ ደርሶ ገባ። ሸሚዙ እስከ ብብቱ ርሷል። መስኮት ከፍቶ ሲነዳ ነበር፣ በዝናብ! አራተኛውን ደንብ አስታወስኩት። ወንበሩን ሄጄ ዳሰስኩ፤ የግራው ጠርዝ እርጥብ ነው። በፎጣ አደረቅሁት።

ምራቴ ልብሱን ስታጥብ "አባባ፣ ሸሚዙ ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል፤ ሦስቴ አጥቤው አልለቀቀም" አለችኝ። የሾፌር ልብስ ጭስ፣ የአስተማሪ ልብስ ጠመኔ ይሸታል አልኳት። የልጄ እናት በሕይወት ሳለች የእኔን ኮት በየቀኑ በር ላይ ነበር የምታራግፈው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

ልጄ ራሱን አሞት ተኝቶ ዋለ። ከመንገድ ሲመለስ ሁልጊዜ ያመዋል። ኪኒን ገዛሁለት። በጊዜ ቢተኛ፣ ከጓደኞቹ ጋር ባያመሽ፣ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ምራቴ "የት ያመሻል አባባ? ከመኪናው ወርዶ በቀጥታ አልጋው ላይ ነው" አለች።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28

ብየዳው ለቀቀ! በስፌቱ ላይ ሳይሆን ከስፌቱ አጠገብ፣ እንደ አዲስ። አሥራ ሁለት ቀን ነው የቆየው።

ጋራዡ ሞልቶ ነበር። ጎማ ለጣፊው ገና ከበር ሲያየኝ "ቲቸር መጡ፣ ደብተር አውጡ!" ብሎ ጮኸ። ሳቁ። አልሳቅሁም። ብልጭታን ጠርቼ በሁሉም ፊት ነገርኩት። ብየዳህ ብየዳ አይደለም፣ ክፍል ውስጥ እንደነበርከው ነህ፣ ያኔም አጋምሰህ ነበር የምታስረክበው አልኩት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ መሬት መሬት እያየ አዳመጠኝ።

ስወጣ ጎማ ለጣፊው "አንተ ለምን ዝም ትላለህ? አፍ የለህም?" ሲለው ሰማሁ። "ዝም አይነቅዝም" አለው።

ጥፋተኛ ባይሆን ይመልስ ነበር።

ለጊዜው ስንጥቁን ከልጄ ጋር በላሜራ ጠቅልለን በሽቦ አሰርነው። ልጄ "ጭሱ በወለሉ በኩል ይገባል" አለ። ሌላ በያጅ እስካገኝ እስከ ቀጣዩ ሳምንት እሑድ ቻለው አልኩት። የነጋዴዋ ጭነት ሦስት ምልልስ ነው የቀረው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 2

ሌላ በያጅ አየሁ። አይሆንም፤ እጁ ይንቀጠቀጣል።

ዝናብ። ልጄ መንገድ ላይ ነው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 4

እሑድ ሳይደርስ ልጄ ነገ እንደገና ይወጣል። በቁርስ ሰዓት ሻዩን ሁለት ጊዜ አፈሰሰ። እጁን አየሁት፤ የዛለ ይመስላል። "ታመሃል?" አልኩት። "ደህና ነኝ አባዬ።" ምራቴ ከጀርባው ሆና ራሷን ነቀነቀችልኝ፣ አይደለም ማለቷ ነው።

ዛሬ ሳጥን ሳገላብጥ የድሮ የማርክ መዝገቤን አገኘሁ። አስተማሪ መዝገቡን አይጥልም። ልጄን ያስተማርኩበትን ዓመት ገለጥኩ። ፊዚክስ፣ አርባ ዘጠኝ። ለማለፍ ሃምሳ ያስፈልግ ነበር። እናቱ "አንድ ነጥብ ከየት ጠፋ? የአባት አንጀት የለህም?" ብላ ሳምንት አኩርፋኛለች። ለሌላ ሰው ልጅ ያልጨመርኩትን ለራሴ ልጅ እንዴት እጨምራለሁ? ክፍሉ በሙሉ ያየኛል። ትክክል ነበርኩ። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቱን ትቶ መኪና ረዳት ሆኖ ገባ፤ ያም የራሱ ምርጫ ነው።

ነጥቡን ያጎደለበት ጥያቄ ቁጥር ስድስት ነበር። የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ በየመገናኛው ለምን ክፍተት ይተዋል? እርሱ "ብረቱ ሲሞቅ እንዲተነፍስ" ብሎ ጻፈ። እኔ ያስተማርኩት ቃል "መስፋፋት" ነው። ሁለት ነጥብ የያዘ ጥያቄ፤ ዜሮ ሰጠሁት።

ይህን ዛሬ ለምን እንዳነሣሁ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

በሰላም ተመለሰ። እሑድ አለፈ፤ በያጅ ገና አላገኘሁም። ነገ የመጨረሻው ምልልስ። ወንበሩ አሁንም እየረጠበ ነው። ተቆጣሁ። "እሺ፣ እዘጋዋለሁ" አለኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ስልክ ተደወለ። የማላውቀው ድምፅ። "በመኪናው በር ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይቼ ነው። ባለቤቱ እርስዎ ነዎት?" እኔ ነኝ አልኩ። ቁጥሩን በሩ ላይ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት።

ከዳገቱ በታች፣ ከመንገዱ ዳር። ሞተሩ እየሠራ። ልጄ መሪው ላይ ተደፍቶ። ሌላ የጭነት ሾፌር ነው አንኳኩቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ጎትቶ ያወጣው።

ይተነፍሳል አለኝ። ሁለቴ ጠየቅሁት። ይተነፍሳል።

ከምራቴ ጋር እየሄድን ነው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11። ሆስፒታል

አፉና አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ጭምብል አድርገውለታል። ነቅቷል። ምራቴ እግሩን ይዛ ተቀምጣለች፤ ከትናንት ጀምሮ አልለቀቀችውም።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ።

"ልጅዎ ጭስ ሲተነፍስ ነው የሰነበተው። ራስ ምታት ነበረው?"

"ነበረው።"

"ድካም? እጅ መዛል?"

"ነበረው።"

"ምን አደረጋችሁለት?"

"ኪኒን ገዛሁለት።"

ጻፈችው። እርሷም እንደ እኔ ሁሉን ትጽፋለች። ከዚያ እስክሪብቶዋን ሳትከድን፣ መንገዱ ዳር የመቆም ጉልበት ባያገኝ ኖሮ ወይም ያ ሾፌር ሩብ ሰዓት ዘግይቶ ቢያልፍ ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ሌላ ነገር ነበር አለችኝ።

ተመልሼ ስገባ ልጄ ጭምብሉን በሁለት ጣቱ ከፍ አደረገ። ሊወቅሰኝ መስሎኝ ተዘጋጀሁ።

"መስኮቱን ዘግቼው ነበር" አለ። "ዝናቡ ከባድ ነበር።"

"አዎ" አልኩት። "ወንበሩ ደረቅ ነው።"

ወንበሩን አላየሁትም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

መኪናውን ያ ሾፌር ጓደኛውን ልኮ ሰፈር ድረስ አመጣልን። መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቼ ጋቢናው ውስጥ ተቀመጥኩ። የስድስቱን ደንብ ወረቀት አነሣሁት። ማጣበቂያው ጠንካራ ነው፤ የቀረውን በጥፍሬ ፋቅሁ።

ከዚያ ይህን ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቼ አነበብኩ። የተማሪ ደብተር እንደማርም፣ እስክሪብቶ ይዤ። ገና ሰኔ 2 ላይ ቆምኩ። እንደገና አነበብኩት። ወርጄ ከሥር ገባሁ። ከሥር ወደ ላይ፣ ከማርሚታው ቱቦውን ተከትዬ፣ ከቱቦው ክርኑን ተከትዬ አየሁ።

ማርሚታው ከታች ከሻሲው፣ ከመኪናው አጽም፣ ጋር ታስሯል። ተርቦው ከላይ ሞተሩ ላይ ታስሯል። በመካከላቸው እኔ ያስገባሁት ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ ንቅንቅ የማይል ብረት። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሻሲው አብሮት አይንቀጠቀጥም። ቱቦው ይግላል፣ ይረዝማል። የሚሄድበት ቦታ የለውም። የሚሰበረው ደግሞ ደካማው ነው፤ የክርኑ አንገት።

ብልጭታ መቶ ጊዜ ቢበይደው መቶ ጊዜ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ ስድስት። ሌላ ዛሬ አልጽፍም።

እሑድ፣ ሐምሌ 13

ልጄን ወደ ቤት አመጣነው። ደካማ ነው፣ ግን ይበላል። ምራቴ ስፌቷን ከአልጋው አጠገብ አምጥታ አኖረች። መርፌው ሲንኳኳ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ከሰዓት በኋላ ነቃ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"ተጣጣፊውን ሳስወጣ ጥፋት መሆኑን ታውቅ ነበር?"

"ነግሬዎት ነበር እኮ አባዬ።"

"ለምን አልጨቀጨቅከኝም?"

"እርስዎን?" ብሎ ሳቀ፤ ሳሉ መጣበት። ውኃ አቀበልኩት።

"ጥያቄ ስድስትን ታስታውሳለህ?" አልኩት።

"የሐዲዱን?" አለ ወዲያው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ። "ኧረ ረስቼዋለሁ። ስንት ዓመቱ!"

"መልስህ ትክክል ነበር። ቢያንስ አንድ ነጥብ ይገባህ ነበር።"

ዐይኑን ጨፈነ። የተኛ መስሎኝ ልነሣ ስል "አሁን ምን ላድርገው አባዬ? ልጫነው?" አለኝ።

ምራቴ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ፊቷን በጨርቁ ሸፈነች። ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ አልለየሁም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ሁሉም በሚገኙበት ሰዓት፣ ከምሳ በፊት፣ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ጎማ ለጣፊው አየኝ፤ የልጄን ነገር ሰምቷል መሰለኝ ዛሬ ደብተር አውጡ አላለም። "እግዜር ይማርልን ቲቸር" አለ ዝቅ ብሎ።

ብልጭታ እየበየደ ነበር። እስኪጨርስ ቆምኩ። መነጽሩን ሲያነሣ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ።

"እዚሁ ቦታ፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት፣ ብየዳህ ብየዳ አይደለም ብዬህ ነበር። ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ተጣጣፊውን ያስቆረጥኩ እኔ ነኝ። ደጋፊውን ያስወለቅኩ እኔ ነኝ። ሳይወልቅ በይደው ያልኩህም እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ።"

ሠላሳ አንድ ዓመት ክፍል ውስጥ ስናገር እንዲህ ያለ ጸጥታ አግኝቼ አላውቅም።

"ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ነው የወጣችው?" አለ ጎማ ለጣፊው ቀስ ብሎ።

ብልጭታ እጁን አወጣ። ልክ እንደ ክፍል፣ ክርኑን አጥፎ፣ አንድ ጣቱን ወደ ላይ።

"ተናገር" አልኩት።

"ጋሼ፣ እኔም ጥፋት አለብኝ። እያወቅሁ ዝም አልኩ። ግን 'እጁን ሳያወጣ የሚናገር ከክፍል ይወጣል' ይሉን አልነበር? ያን ቀን ሁለቱም እጆቼ ሥራ ላይ ነበሩ።"

ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ዐይኔን መጥረግ ነበረብኝ፤ የብየዳ ጭስ ነው።

"አሁን ምን እናድርግ?" ብዬ ጠየቅሁት። በሕይወቴ ሙሉ ጥያቄ ስጠይቅ መልሱን አስቀድሜ ይዤ ነበር። ዛሬ አልያዝኩም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ክርኑ ወለቀ። አንዱ ቡሎን ዝጎ ተሰበረ፤ በዝግታ በስተው አወጡት። አላስቸኮልኩም።

ብልጭታ በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፈገፈገውና "ጋሼ፣ ጠመኔ አለዎት?" አለኝ። ቀልድ መሰለኝ። አይደለም። ከቤት አንድ ሙሉ ካርቶን አመጣሁለት፤ ጡረታ ስወጣ የሰጡኝ ነው። ክርኑን በነጭ ጋዝ ነከረው፣ ጠብቆ በጨርቅ አደረቀው፣ ከዚያ የተፈጨ ጠመኔ ነሰነሰበት። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ስንጥቁ ውስጥ የገባው ጋዝ ቀስ እያለ ወደ ጠመኔው ወጣ፤ ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ተሣለ።

ዐይናችን ያየው ሁለት ጣት ነበር። ጠመኔው ያሳየን አራት ጣት ተኩል ነው።

"ይቺን ማን አስተማረህ?" አልኩት።

"ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሁሉ ምንም አይማርም ያለዎት ማነው?"

በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ ቀጭን ቀዳዳ በሳ፤ ስንጥቁ ከዚያ አልፎ እንዳይሮጥ። ከዚያ መስመሩን ተከትሎ በብረት መፍጫው ቦይ አወጣለት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ክርኑን ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ላይ አሰረው፤ ሲግል ከተርቦው ጋር የሚገጥመው አፉ እንዳይጣመም። ከሰል አንድደን ቀስ በቀስ አጋልነው። ኤሌክትሮዱ፣ የመበየጃው ዘንግ፣ ለዚህ ዓይነት ብረት የሚሆን ልዩ ነው፤ ውድ ነው፣ ግን አራት ፍሬ በቃን፤ ከአዲሱ ዕቃ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ጣት የምታህል ይበይዳል፣ ያቆማል፣ በመዶሻ ጫፍ ቀስ ቀስ አድርጎ ይመታዋል፣ እንደገና ይበይዳል። እንደ ሕፃን ነበር የያዘው።

ሲጨርስ በርሜል ውስጥ ደረቅ አመድ ቀበረው። "እስከ ነገ" አለኝ።

"ስፌቱን ላየው?"

"አይነካም ጋሼ። ፈተና ላይ ነው።"

ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ተመልሼ በርሜሉን አየሁት። አልነካሁም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

ከአመዱ ወጣ። ጸጥ ያለ፣ የቀዘቀዘ፣ ድፍን። በጠመኔ እንደገና ፈተንነው። ነጩ ነጭ ሆኖ ቀረ።

የእኔ ድርሻ አፉን ማስተካከል ነበር። የብረት ማስመሪያዬን አጋድሜበት በብርሃን ፊት ለፊት ያዝኩት። አንዱ ጥግ ላይ ፀጉር የምታህል ብርሃን ታልፋለች። እስክትጠፋ በሞረድ ሳልኩት፤ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ብልጭታ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ "እንዲህ አድርገው ነው እኛንም የሞረዱን" አለ።

በመጋጠሚያው መካከል የሚገባ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ አዲስ ቡሎኖች። አዲስ ተጣጣፊ ክፍል፤ በገዛ እጄ ገዛሁት፣ ዋጋ አልተከራከርኩም። የደጋፊውን ብረት ብልጭታ ከቁርጥራጭ ሠራው። ከማርሹ ዘንግ ሥር ያለው ጎማም ተቀየረ። እርሱ ያስቸኩል ነበር።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነሣን። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀባሁ፤ ብልጭታ የማርሚታውን አፍ በእርጥብ ጨርቅ ለአፍታ አፈነው። አረፋው አልተነፋም። ከዚያ ሞተሩ ሲግል ከሥር ተኝቼ ተጣጣፊውን አየሁት። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ የተሸበሸበው ክፍል ይዘረጋል፣ ይሰበሰባል። ከእርሱ በታች ያለው ቱቦ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ልጄ ጎንበስ ብሎ "አባዬ፣ ምን እያዩ ነው?" አለኝ።

"ሲተነፍስ" አልኩት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

በሰኔ 2 ገጽ ላይ "ወፍራም ቱቦ ራሱን ይችላል" የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩ። "ብረት አይተነፍስም" የሚለውንም። ከሥራቸው ትክክሉን ጻፍኩ። ከሁለቱም መስመሮች ሥር የተሰረዘው ይነበባል።

የማርክ መዝገቡንም አወጣሁ። ብዙ ጊዜ በእጄ ይዤው ቆየሁ። ምንም ሳልጽፍበት መለስኩት። እርሱ ልጫነው ወይ ብሎኛል፤ አሁን የሚጨመር ነጥብ ለእርሱ አይደለም፣ ለእኔ ማረፊያ ነው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 25

ሐኪሟ ፈቀደች። ነጋዴዋም ጠበቀችን፤ "ልጁ ይዳን እንጂ ሽንኩርት የትም አይሄድም" ብላ ላከችብኝ። እኔ ነበርኩ ለሌላ ትሰጠዋለች ያልኩት።

ማለዳ ወጣ። ዝናብ ነበር። በሩ ሲዘጋ ወደ መስኮቱ ቀረብኩ።

"መስኮቱን ክፈተው" አልኩት።

"ወንበሩስ?"

"ይበስብስ።"

እሑድ፣ ሐምሌ 27

ከሰዓት በኋላ ገባ። ቆሜ ሲወርድ አየሁት። ቀጥ ብሎ ወረደ። "ራስህስ?" አልኩት። "ደህና ነው።" ደህና ነው ማለቱን ከዚህ በፊትም ሰምቻለሁ። እጁን ያዝኩት፤ አልዛለም፤ ጨበጠኝ። ሦስት ሳህን በልቶ ከምራቴ ጋር በነጋዴዋ አነጋገር ሲስቅ ቆየ።

ሸሚዙን አውልቆ ጓሮ ገንዳው ላይ ጥሎት ነበር። ማንም እንደማያየኝ አረጋግጬ ሄድኩ። አነሣሁት። ፊቴን ቀብሬ ሳብ አደረግሁ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደረቴ እስኪሞላ።

ቀና ስል ምራቴ ሳሙና ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አላፈርኩም።

"ምን ይላል አባባ?" አለችኝ።

"ሽንኩርት" አልኳት። "ሽንኩርት ብቻ።"

ከእጄ ተቀበለችኝና እርሷም አሸተተችው።